ወረፋ የሌለበት ቦውሊንግ፦ በሃይላንድና በካልሲ ኳስ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች

ወሎ ውስጥ፣ መካነ ሰላም አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ቦውሊንግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማርሁ ዕለት ስድስት ጠርሙስ በሜዳው መሐል አቁሜ፣ ሃምሳውን ልጅ አሰልፌ፣ አንድ ኳስ ሰጠሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ልጆች ሲጫወቱ ሁሉም ያጨበጭብ ነበር። አሥረኛው ላይ ሰልፉ ተጠማዘዘ፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ከኋላ ያሉት መገፋፋት ጀመሩ። ደወሉ ሲደወል አሥራ ሰባት ልጆች ኳሱን ሳይነኩት ወደ ክፍል ተመለሱ። ከእነሱ አንዷ «መምህር፣ ነገ ከእኛ ይጀመራል?» አለችኝ። ነገ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ አልነበረንም።

ጥፋቱ የጨዋታው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ቦውሊንግ ቀላል፣ ርካሽና ለማንም ልጅ የሚሆን ጨዋታ ነው። የሚያበላሸው ወረፋ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ፣ ከጠርሙስ አሰባሰቡ እስከ ነጥብ አያያዙ፣ አንድ ዓላማ አለው፦ ደወሉ ሲደወል ኳስ ያልነካ ልጅ እንዳይኖር።

ጨዋታው ምን ይመስላል?

በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄደው ቦውሊንግ ፒን የሚባሉ 10 የእንጨት ዒላማዎች አሉት። አንድ ከፊት፣ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እየሆኑ በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ። እያንዳንዱ ፒን 38 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ተጫዋቹ 18 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ እስከ 7 ኪሎ ግራም ከሩብ የሚመዝን ኳስ በለሰለሰ ወለል ላይ ያንከባልላል። በአንድ ዙር ሁለት ዕድል ይሰጠዋል፤ ጨዋታው 10 ዙር ነው።

እንዲህ ያለውን አዳራሽ አዲስ አበባ የሄደ ሰው አይቶት ይሆናል። የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲ ወይም የለጋምቦ ልጅ ግን አዳራሹን እስኪያይ መጠበቅ የለበትም። የጨዋታው ፍሬ ነገር ዒላማን አይቶ ኳስን በመሬት ላይ ቀጥ አድርጎ መላክ ነው። ለዚህ ደግሞ የደጋ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዶ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው። በግ ሲጠብቅ በድንጋይ ዒላማ ይመታል፤ ወፍና ጦጣ ከገብሱ ላይ በወንጭፍ ያባርራል፤ በብይና በቆርኪ ርቀት መገመት ተምሯል። ዓይኑ ተስሏል። የሚቀረው እጁ ነው፤ መወርወር የለመደ እጅ ኳስን በእርጋታ መሬት ላይ ማስቀመጥ መልመድ አለበት።

እርምጃ 1፦ ጠርሙሶቹን ያሰባስቡ

ፒን አያስፈልግዎትም፤ ሃይላንድ ይበቃል። ግማሽ ሊትር የሚይዘው የውሃ ጠርሙስ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ስላለው ለልጅ ዓይንና ለቀላል ኳስ ይመጥናል።

እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሃይላንድ ቢያመጣ ከ50 ተማሪ 50 ጠርሙስ ያገኛሉ። በስድስት በስድስት ሲከፍሉት 8 የመጫወቻ መስመር ይወጣዋል፤ 2 ደግሞ ለመጠባበቂያ ይተርፋል። ስድስቱን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አድርገው በሦስት ማዕዘን ያቆሟቸዋል። አሥር ጠርሙስ ማቆምን ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች ያቆዩት።

ሲያሰባስቡ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ።

አንደኛ፣ በገጠር ቤት ሃይላንድ የሚጣል ዕቃ አይደለም፤ የዘይት፣ የጋዝ፣ የጠላ መያዣ ነው። ስለዚህ ማምጣትን ግዴታ አያድርጉት፤ ማርክም አይስጡበት። ያላገኘ ልጅ በከተማው ካሉ ሻይ ቤቶችና ከመናኸሪያው አካባቢ እንዲለቀም በማድረግ ይሟላለታል።

ሁለተኛ፣ ጋዝ ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጠርሙስ አይቀበሉ። ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱ፤ ከተጠራጠሩ ይመልሱ።

ሦስተኛ፣ የመስታወት ጠርሙስ ፈጽሞ አይግባ።

ሃይላንድ በማይገኝበት ቀበሌ አናጺ ዘንድ ሄደው የእጅ አንጓ የሚያህል ውፍረት ያለውን አጣና 20፣ 20 ሳንቲ ሜትር አድርገው ያስቆርጡ። ሁለቱም ጫፍ ቀጥ ብሎ መቆረጥ አለበት፤ ካልሆነ አይቆምም።

ባዶ ሃይላንድ በደጋው ንፋስ ይወድቃል። ደረቅ አሸዋ ወይም የተነፋ አፈር ይጨምሩበት፤ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ሁለት ጣት ያህል፣ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል አራት ጣት ያህል። ውሃ አይጠቀሙ፤ ክዳኑ ሲላላ ሜዳውን ያጨቀየዋል። ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ይዝጉ። በመጨረሻም በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ይጻፉበት። ግማሾቹን በተለመደው ቁጥር፣ ግማሾቹን በግዕዝ ቁጥር (፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፭፣ ፮) ቢጽፉ ልጆቹ ጠርሙስ ሲያቆሙ የግዕዙን ቁጥር ሳይታወቃቸው ይለምዱታል።

ሁሉንም በሁለት ማዳበሪያ ከተው በዕቃ ቤት ያስቀምጡ። የዓመቱ መሣሪያዎ ይኸው ነው።

እርምጃ 2፦ ኳሱን ይሥሩ

ለ8 መስመር 8 ኳስ ያስፈልጋል። የካልሲ ኳስ መሥራት ለልጆቹ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሥራውን ለእነሱ ይተዉላቸው። እርስዎ የሚቆጣጠሩት ሁለት ነገር ነው፦ ክብደቱንና ስፋቱን።

ለክብደቱ፦ ሁለት እፍኝ አሸዋ በፌስታል ቋጥረው መሐል ያስገቡ፤ ዙሪያውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው በካልሲ ያልብሱት፤ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቁራጭ ወይም በሲባጎ ያጥብቁት። ጨርቅ ብቻ የሆነ ኳስ ጠርሙሱን ነክቶ ይቆማል፤ አሸዋ ያለበት ግን ገፍቶ ይጥላል። ድንጋይ መሐሉ አይግባ፤ ኳሱ ሲፈታ የሚወጣው ድንጋይ የልጅ ቁርጭምጭሚት ያገኛል።

ለስፋቱ፦ ከአዳራሹ ጨዋታ አንድ ምሥጢር እንዋስ። እዚያ በሁለት ጎረቤት ፒኖች መሐል ለመሐል ያለው ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ የፒኑ ሆድ ሲቀነስ የሚቀረው ክፍተት 18 ገደማ ይሆናል። የኳሱ ስፋት ግን ወደ 22 ይጠጋል። ስለዚህ ኳሱ በሁለት ጎረቤት ፒኖች መካከል ምንም ሳይነካ ማለፍ አይችልም። ልጅ አልሞ ከላከ አንድ ነገር ይወድቅለታል ማለት ነው።

ይህን ወደ ሃይላንድ እናምጣው። ለ20 ሳንቲ ሜትር ጠርሙስ በተመሳሳይ ልኬት የሚስማማው ርቀት 16 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ስንዝር ወደዚያው ይጠጋል። የጠርሙሱ ውፍረት ሲቀነስ ከ9 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል። እንግዲህ ኳስዎ ከ12 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። መለኪያ ከሌለዎት ሁለት ጠርሙስ በልጅ ስንዝር አራርቀው ያቁሙና ኳሱን በመካከላቸው ያሳልፉት። ሳይነካ ካለፈ አንድ ካልሲ ይጨምሩበት።

እርምጃ 3፦ ሜዳውን ያንብቡ

የእኛ አገር ሜዳ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ አይደለም። አንዱ ጥግ ወደ ገደል ያዘነብላል፤ ሌላው በድንጋይ የተሞላ ነው። ይህን እንደ ችግር ሳይሆን እንደ መሣሪያ ይዩት።

ልጆቹን ከዝቅተኛው በኩል፣ ጠርሙሶቹን ከከፍተኛው በኩል ያድርጉ። ኳሱ ዳገቱን ወጥቶ ይመታና ርቆ ሳይሄድ ይቀራል። በተቃራኒው ካደረጉት የክፍለ ጊዜው ግማሽ ኳስ ከተዳፋት በማምጣት ያልቃል። ዳገቱ ግን ለስላሳ ይሁን፤ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ የማይቆምበት ቦታ አይሆንም።

የመስመሩ ርዝመት በልጁ ዕድሜ ይወሰን፦

- 1ኛ እና 2ኛ ክፍል፦ ከ3 እስከ 4 ሜትር
- 3ኛ እና 4ኛ ክፍል፦ ከ5 እስከ 6 ሜትር
- 5ኛ እና 6ኛ ክፍል፦ ከ7 እስከ 8 ሜትር

ስፋቱ 1 ሜትር ይበቃል። በሁለት መስመሮች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር ይተዉ። መስመሩን በአመድ ያስምሩ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላልና ይቅርብዎት። ጠርሙስ የሚቆምበትን ነጥብ ለማመልከት ቆርኪ ጥርሱን ወደ ታች አድርገው በተረከዝዎ ወደ አፈሩ ይጫኑት። እንዲህ ሲሆን ጠርሙስ አቋሚው ልጅ ቦታውን አይፈልግም፤ ቆርኪው ላይ ያስቀምጣል።

ከጠርሙሶቹ ኋላ የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ ወይም አግዳሚ ወንበር ያድርጉ፤ ኳስ ይመልሳል። ለአንደኛ ክፍል ልጆች ደግሞ በመስመሩ ግራና ቀኝ ረጃጅም አጣና ያጋድሙ። ኳሱ ሲያዘነብል አጣናው መልሶ ወደ ዒላማው ይሰደዋል። ትንሽ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጠርሙስ ሲወድቅለት ማየት አለበት።

ስለ አየሩ ደግሞ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባለበት ጠዋት ጣት ስለሚደነዝዝ ልጆቹን በሩጫና በእጅ ማወዛወዝ በደንብ ያሙቁ። የበልግ ዝናብ ወይም የሰኔ ጭቃ ሲመጣ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተው በክፍል ውስጥ፣ ወይም በበረንዳ ላይ ያጫውቱ። ከዝናብ በኋላ ሣር ላይ ኮንጎ ጫማ ያንሸራትታልና በዚያ ቀን ሳይራመዱ፣ ቆመው ብቻ ያንከባልሉ።

እርምጃ 4፦ ስድስት ልጅ፣ ስድስት ሥራ

የወረፋው መድኃኒት እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን እንሥራ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ መውጫውን፣ ማሟሟቂያውንና ማጠቃለያውን ሲቀንሱ 25 ደቂቃ ይቀርዎታል። አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ አንከባልሎ፣ ጠርሙሱ ተመልሶ እስኪቆም 45 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። በአንድ መስመር በ25 ደቂቃ 33 ልጅ ይጫወታል፤ ከሃምሳው 17ቱ ይቀራሉ። እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው። በ8 መስመር ግን በአብዛኞቹ መስመሮች ያሉት ስድስት ልጆች ብቻ ስለሆኑ እያንዳንዱ 5 ጊዜ ይደርሰዋል፤ ማለትም 10 ጊዜ ያንከባልላል።

በየመስመሩ ያሉት ስድስቱ ልጆች እንዲህ ይከፋፈሉ፦

1. አንከባላይ፦ ከመስመሩ ኋላ ቆሞ ይጫወታል።
2. ተረኛ፦ ከአንከባላዩ ጎን ሁለት እርምጃ ርቆ ይዘጋጃል፤ የአንከባላዩን እግር ያያል።
3. እና 4. አቋሚዎች፦ ከጠርሙሶቹ ግራና ቀኝ፣ ከመስመሩ ውጭ ቆመው የወደቀውን ያነሣሉ።
5. ኳስ መላሽ፦ ኳሱን ይዞ በመስመሩ ጎን ይመለሳል፤ በመስመሩ ላይ አይሮጥም፤ ከሩቅ አይወረውርም።
6. መዝጋቢ፦ የወደቀውን ቆጥሮ በደብተር ይጽፋል።

ከአንድ ተጫዋች በኋላ ሁሉም አንድ ቦታ ይዘዋወራሉ። በሁለት መስመር ላይ ሰባተኛ ልጅ ይኖራል፤ እሱ ዳኛ ይሁን፤ መስመር የረገጠውን ይናገራል፤ እንደ ሌሎቹም እየተዘዋወረ ይጫወታል።

ብዙ ልጅ አቋሚ መሆንን እንደ ውርደት ያየዋል። አንድ ነገር ይንገሯቸው። ማሽኑ ሳይፈጠር በፊት በዓለም ሁሉ ፒን የሚያቆሙት ልጆች ነበሩ፤ ፒን በራሱ የሚያቆመው ማሽን ለሥራ የዋለው በፈረንጆች አቆጣጠር 1952 ነው። አስመራ ከተማ ባለው የቆየ የቦውሊንግ አዳራሽም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ፒኑን በእጃቸው የሚያቆሙ ልጆች ነበሩበት። ያለ አቋሚ ጨዋታው አይቀጥልም።

አንድ የማይታለፍ የደኅንነት ሕግ አለ፦ ሁለቱም አቋሚዎች ከመስመሩ ወጥተው እጃቸውን እስኪያነሡ ድረስ ኳስ አይለቀቅም። እርስዎ ፊሽካ ሲነፉ ደግሞ በስምንቱም መስመር ኳስ መሬት ላይ ይቀመጣል። ይህን ያለ ኳስ ሦስት ጊዜ አለማምደው ይጀምሩ።

እርምጃ 5፦ አንከባለሉን ያስተምሩ

አራት ቃል ይበቃዎታል፤ ልጆቹ በዜማ እያሉ ይሠሩታል፦ «እይ፣ ወዝውዝ፣ እርገጥ፣ ልቀቅ!»

*እይ።* ልጁ ሁለቱን እግሮቹን ገጥሞ ፊቱን ወደ ዒላማው አድርጎ ይቆማል። ኳሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይይዛል። የሚያየው ኳሱን ሳይሆን የፊተኛውን ጠርሙስ ነው።

*ወዝውዝ።* የሚጠቀምበትን እጅ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ምላስ ከጎኑ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። እጁ ከወገቡ በላይ ወደ ኋላ አይውጣ።

*እርገጥ።* በቀኙ የሚያንከባልል በግራ እግሩ፣ በግራው የሚያንከባልል በቀኝ እግሩ አንድ እርምጃ ወደፊት ይረግጣል፤ ጉልበቱን ያጥፋል።

*ልቀቅ።* ኳሱ ከቁርጭምጭሚቱ አጠገብ መሬት ይነካል። የለቀቀው እጅ በዚያው ወደ ዒላማው ተዘርግቶ ይቀራል፤ ሰው ሊጨብጥ እንደዘረጋ እጅ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ሦስት ወይም አራት እርምጃ ተራምዶ መልቀቅን ይጨምሩ። ለታናናሾቹ አንድ እርምጃ ይበቃል። የአንደኛ ክፍሉ ልጅ በሁለት እጁ፣ በእግሮቹ መካከል ቢያንከባልልም ትክክል ነው።

ስህተት ሲያዩ

*ኳሱ ይነጥራል።* በወንጭፍና በድንጋይ የሰለጠነ እጅ የሚሠራው የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነው፤ ልጁ እየወረወረ ነው። «አትወርውር» ብለው አይጩኹበት። ከፊቱ አንድ ሜትር ርቀት ላይ አግዳሚ ወንበር ያቁሙና ኳሱን ከሥሩ እንዲያሳልፍ ያድርጉት። ወንበሩ ከእርስዎ የተሻለ ያስተምረዋል።

*የተሳሳተ እግር ይቀድማል።* በትክክለኛው እግር ጫማ ላይ የቀለም ክር ይሰሩለት፤ «ክሩ ይቅደም» ይበሉት።

*ኳሱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።* እጁ በሰውነቱ ፊት ተሻግሮ እየመጣ ነው። ልጁን ከግድግዳ ወይም ከአጥር አጠገብ አቁመው ግድግዳውን ሳይነካ እጁን እንዲያወዛውዝ ያድርጉ።

*ቀጥ ብሎ ቆሞ ይለቃል።* በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ አምስት ጊዜ ያንከባልል፤ ከዚያ ይነሣ።

በአንድ ጊዜ አንድ ስህተት ብቻ ያርሙ። ሦስት ነገር የተነገረው ልጅ አንዱንም አይሠራም።

እርምጃ 6፦ ነጥቡን ወደ ሒሳብ ክፍል ይውሰዱ

ይህን ጨዋታ የሒሳብ መምህሩም ይወዱታል። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል «ስንት ወደቀ? ስንት ቆመ?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ከስድስት አራት ሲወድቅ ሁለት ይቆማል፤ መደመርና መቀነስ በዓይን ይታያል። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል የአምስት ዙራቸውን ይደምሩ፤ ቀጥሎም የስድስቱን የቡድን አባላት ነጥብ በአንድ ላይ።

አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ዋናውን አቆጣጠር መማር ይችላሉ። ለዚህ በአንድ መስመር 10 ጠርሙስ ያስፈልጋልና ከሌላ ክፍል ይዋሱ። ሕጉ እንዲህ ነው፦

- በመጀመሪያው ኳስ አሥሩም ከወደቁ *ስትራይክ* ይባላል፤ 10 እና ቀጥለው የሚመጡት የሁለት ኳሶች ውጤት ይደመራል።
- አሥሩ የወደቁት በሁለት ኳስ ከሆነ *ስፔር* ነው፤ 10 እና ቀጥሎ የሚመጣው የአንድ ኳስ ውጤት ይደመራል።
- ከዚህ ውጭ ከሆነ የወደቀው ቁጥር ብቻ ይያዛል።

በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይህን ያሳዩ። አንዲት ልጅ በ1ኛው ዙር 7 ከዚያ 3 ጣለች፤ ስፔር ነው። በ2ኛው ዙር 4 ከዚያ 2፤ በ3ኛው ዙር አሥሩንም በአንድ ኳስ፤ በ4ኛው ዙር 5 ከዚያ 3 ጣለች።

- 1ኛ ዙር፦ 10 + 4 = 14
- 2ኛ ዙር፦ 4 + 2 = 6፤ ድምር 20
- 3ኛ ዙር፦ 10 + 5 + 3 = 18፤ ድምር 38
- 4ኛ ዙር፦ 5 + 3 = 8፤ ድምር 46

የወደቀው ጠርሙስ ብቻ ቢቆጠር 34 ነበር። 12ቱ ትርፍ ከየት እንደመጣ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉት። የመጨረሻውም ዙር ስትራይክ ከሆነ ሁለት ተጨማሪ ኳስ፣ ስፔር ከሆነ አንድ ይሰጣል። በአንድ ጨዋታ ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ነጥብ 300 ነው፤ 12 ስትራይክ በተከታታይ። እስቲ ለምን እንደሆነ ለቤት ሥራ ይስጧቸው።

እርምጃ 7፦ ማንንም ከሜዳው ዳር አያስቀምጡ

ቦውሊንግ ሩጫ የለበትም፤ ስለዚህ በሩጫና በእግር ኳስ ጊዜ ዳር የሚቀመጠው ልጅ እዚህ እኩል ነው።

መራመድ የማይችል ወይም እጁ የሚደክም ልጅ ካለ ሁለት ቀጭን አጣና ጎን ለጎን አስረው፣ አንዱን ጫፍ በወንበር ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ ያድርጉ። ልጁ አቅጣጫውን ራሱ አስተካክሎ ኳሱን በዚያ አሸንዳ ይለቀዋል። ቦቻ በሚባለው የፓራሊምፒክ ጨዋታም ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተወዳዳሪዎች ኳሱን በእንዲህ ያለ አሸንዳ ይልካሉ።

ማየት ለተሳነው ልጅ ጓደኛው ከጠርሙሶቹ ኋላ ሆኖ ያጨብጭብለት፤ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ከአሸዋው ይልቅ ጠጠር ይግባበት፤ ሲወድቅ ድምፁን ይሰማል። መስማት ለተሳነው ልጅ ፊሽካው ብቻ አይበቃም፤ አብረው ቀይ ጨርቅ ያውለብልቡ።

ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ የሚኖርበት አገር ነው። በዐቢይ ጾምና በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ይኖራሉ። በእነዚያ ሳምንታት ረጅም ሩጫውን አቆይተው ይህን ጨዋታ ቢያስገቡት ማንም ልጅ ከጾሙና ከትምህርቱ አንዱን ለመምረጥ አይገደድም።

የስድስት ክፍለ ጊዜ ዕቅድ

- *1ኛ፦* ያለ ጠርሙስ። ስድስቱ ልጆች ሦስት በሦስት ፊት ለፊት ሆነው ኳሱን ይላላካሉ፤ አራቱን ቃል ይለማመዳሉ።
- *2ኛ፦* በየመስመሩ አንድ ጠርሙስ ብቻ፣ በቅርብ ርቀት። የሥራ ክፍፍሉንና የእጅ ምልክቱን ያስለምዱ።
- *3ኛ፦* ስድስት ጠርሙስ። ቆጠራ ይጀመራል።
- *4ኛ፦* ርቀቱን በአንድ ሜትር ይጨምሩ፤ ስህተት ማረሚያ።
- *5ኛ፦* ነጥብ አያያዝ፤ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል 10 ጠርሙስ፣ ስትራይክና ስፔር።
- *6ኛ፦* የቡድን ውድድርና የምዘናው ማጠቃለያ።

በውድድሩ ቀን የግል አሸናፊ ከመምረጥ የስድስቱን ድምር ያወዳድሩ። ሌላም መንገድ አለ፦ ቡድኑ ባለፈው ክፍለ ጊዜ ካገኘው ነጥብ ስንት እንደጨመረ ይቁጠሩ። በዚህኛው ደካማ የተባለ ቡድንም ሊያሸንፍ ይችላል።

ምዘና

የጣለውን ጠርሙስ ብዛት ማርክ አያድርጉት፤ ዕድልም ንፋስም ይገባበታል። ዝርዝርዎን ይዘው በየመስመሩ ሲዘዋወሩ አራት ነገር ብቻ ይዩ፦ ተቃራኒው እግር ይቀድማል? ኳሱ ሳይነጥር መሬት ይነካል? እጁ ወደ ዒላማው ይዘረጋል? የአቋሚነትና የመዝጋቢነት ሥራውን በአግባቡ ይሠራል? ለእያንዳንዱ «ገና»፣ «በከፊል» ወይም «ችሏል» ብለው ይጻፉ። ከ3ኛው ክፍለ ጊዜ ጀምረው በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት መስመር፣ ማለትም 12 ወይም 13 ልጅ ቢያዩ በአራት ክፍለ ጊዜ ሁሉንም ይጨርሳሉ።

ከመውጣትዎ በፊት

ነገ ጠዋት ለክፍል አለቃው «ሃይላንድ ያለው ያምጣ» ይበሉ። ሃምሳው እስኪሞላ አይጠብቁ፤ 12 ከተገኘ ሁለት መስመር ይዘርጉና ግማሹን ክፍል በዚያ፣ ግማሹን በገመድ ዝላይ ያሠሩ፤ በመሐል ይቀያይሩ። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ልጆቹን አሰልፈው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ዛሬ ኳስ ያልነካ አለ?» እጅ የሚያወጣ ልጅ ከተገኘ በሚቀጥለው ጊዜ ከእሱ ይጀምሩ፤ አንድ መስመርም ይጨምሩ።